እስክትረዳ ድረስ

የእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ሲጮህና ሲሟገት ነው ጤነኛ። ዝም ሲል ያስፈራኛል። ያን ቀን ጠዋት የስብሰባ አዳራሹን በር ስከፍት ወሬው ቀጥ አለ። ከዚያ አልፎ ተነሱልኝ። ለእኔ! በዚህ ቤት ወንበር እንኳ ለምኜ ለማገኘው ሰው ትልቅ ትንሹ ብድግ አለልኝ። «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩና ሳቅሁ፤ የሳቀልኝ አልነበረም።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መምሪያ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ያን ሰሞን ስለ መረጃ አጠቃቀም ስልጠና ወስጄ መመለሴ ነበር፤ ያገኘሁትን ልምድ ለሠራተኛው እንዳካፍል ታዝዣለሁ። ጉዳዩ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በቴሌግራም ግሩፓችን ያልተሾመ፣ ያልተሻረ፣ ያልሞተ ሰው የለም። አንዴ «የዋጫ መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል» የሚል መልእክት ተላልፎ የመስክ ሥራችንን ሰረዝን። በዚያው ጠዋት ከዋጫ የመጡ ባለጉዳዮች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቁን ነበር። ጫማቸው እንኳ ጭቃ አልነካውም። ማንም ወጥቶ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

አሰልጣኛችን ቀልደኛ ሰው ነበር። «ማን አለ? ከየት ሰማ? ራሱ አየ ወይ?» የሚሉትን ጥያቄዎች እንደ መዝሙር አስጠንቶናል። መረጃ የሚለው ቃል ከመረዳት ነው የመጣው እያለ፣ «ሳትረዱ አታስረዱ!» ይለን ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተሳታፊ «መርዶም ከዚያው ነው የመጣው» ቢለው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከሳቁት አንዷ ነኝ።

እና ያን ጠዋት ፕሮጀክተሩን አብርቼ ንግግሬን ጀመርኩ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡልኝ። እትዬ የመሥሪያ ቤቱ እናት ናቸው። የሠራተኛው መረዳጃ ሰብሳቢ እሳቸው፣ የታመመ የሚያስጠይቁ እሳቸው፣ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የሚያረዱ እሳቸው። በልጅነታቸው ወደ ቦንጋ ተድረው ወልደው ከብደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ሰው ሁሉ የከተማው ተወላጅ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። ግን የተወለዱት ደካ ነው፤ እንደ እኔ። ብቻችንን ስንሆን በካፋ ቋንቋችን፣ በካፊኖኖ፣ የደካን ወሬ እናወራለን። እናታቸው ዛሬም እንሰት የሚፍቁ ጠንካራ አሮጊት ናቸው። «እናቴ እኔን ሳትቀብር አትሞትም» እያሉ ይስቁ ነበር እትዬ።

የእኔ እናት ግን ደህና አልነበረችም። ልቧን ያማታል። በቅርቡ ቦንጋ አምጥቼ ሳሳክማት ፈቃድ መውሰዴን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ወደ ደካ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ስንነጋገር «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብቻ ያዞረኛል» ብላኝ ኔትወርኩ ጥርቅም አለ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም፤ ለነገሩ የደካ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚመጣ እንግዳ ስለሆነ አልተጨነቅሁም።

ንግግሬ ላይ ልመለስ። «ያልተጣራ ወሬ ሰው ይጎዳል» ስል የፋይናንሱ ባልደረባችን ራሱን ነቀነቀ። ይህ ሰው በየስብሰባው «ይሄ ለሪፖርት ነው እንጂ ለሥራ አይጠቅምም» የሚል ነገረኛ ነው። ያን ቀን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጸሐፊያችን መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች። ጭራሽ ከጀርባ አንዱ «ጌታ ያበርታሽ» አለኝ። እኔ ሞኟ፣ ንግግሬ ልባቸውን የነካው መሰለኝ! ድምፄን ሁሉ ሞቅ አደረግሁት። አሁን ሳስበው በራሴ መሳቅም መናደድም ያምረኛል።

ስጨርስ ኃላፊያችን ተነስተው አመሰገኑኝ። የመሐል አገር ሰው ናቸው፤ ቁጥብ፣ ከሥራ ውጪ ቃል የማያወጡ። «በጣም ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ? እኚህ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ «ባለሙያዋ» ነው የሚሉኝ። ቀጥለውም፣ «ነገ ጠዋት ወደ ደካ የመስክ ሥራ አለሽ። መኪና ተመድቧል። እትዬም አብረውሽ ይሄዳሉ።»

መዝገብ ቤት መስክ ወጥቶ አያውቅም። ዶሴ ደካ ሄዶ ምን ያያል?

ሳልጠይቅ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ ሥራ ላይ ላለ ሰውማ ጭራሽ። ሰውየው በዘዴ ወደ አገሩ ይወሰዳል። «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፣ ወይም መስክ ይፈጠርለታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ማንም ደውሎ አፉ እንዳያመልጠው ስልኩ ከእጁ ይወጣል። ይህን ሁሉ የማውቀው ስላደረግሁት ነው። የጸሐፊያችን አባት ያረፉ ጊዜ ጨዋታ እየፈጠርኩ ሳስቃት የዋልኩት እኔ ነበርኩ።

ከአዳራሹ ስንወጣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ስልክሽን አውሺኝ፤ የእኔ ባትሪው አልቋል።»

ሰጠኋቸው። ምን ልበል? እጄ ራሱ ነው የሰጠው። ስልኬን ተቀብለው ለማንም ሳይደውሉ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ሪፖርት ከፍቼ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነባለሁ፤ አንዱም ቃል አልገባ አለኝ። በመስኮቱ ሳይ ጉሙ ከጫካው ወርዶ የከተማውን ጣራ ሸፍኖታል፤ ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል። ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል እኔ የት እንደነበርኩ እንጃ። እናቴ ሞታ ይሆን? ወይስ እህቴ? እህቴ ከሆነችስ እናቴ ያንን ትችላለች? ይህን ሳስብ ደግሞ እናቴ ብትሆን ይሻላል ብዬ የመረጥኩ መሰለኝና በራሴ ደነገጥሁ።

ኮሪደሩ ላይ ለፋይናንሱ ሰው መንገድ ዘጋሁበት። «እናቴ ናት?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ደግሞ? ምንም የለም» አለና ሽንት ቤት ገባ። ብጠብቀው አልወጣም። ጸሐፊዋን ጠየቅኋት፤ «ሻይ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ሻይ! ይህች ልጅ ሻይ ይዛልኝ የመጣችበት ቀን የለም። ዘበኛው እንኳ ሲያየኝ ቆቡን አወለቀ። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ቤት የመረጃ ባለሙያዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጉድ እኮ ነው!

ቀጥ ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ። እትዬ በዶሴዎቹ መሃል ተቀምጠው ነበር። «እትዬ፣ ስልኬን።»

«ቆይ ልጄ፣ ትንሽ…»

«ስልኬን ይስጡኝ!»

ጮህኩባቸው። እኔ እትዬ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን አውጥተው ሰጡኝና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አይዞሽ፣ እኔ እናትሽ አለሁ» አሉኝ። ይህን ካሉኝ በኋላ ምን ቀረኝ? ሆኖም ደወልኩ። የእናቴ ስልክ ዝግ ነው። የእህቴም ዝግ። ያችው የለመድናት ሴትዮ፣ የደወልኩላቸው ደንበኛ እንደማይገኙ በተረጋጋ ድምፅ ነገረችኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ደጋግማ ነገረችኝ። ሌላ ማን ጋ ልደውል? አጎቴ ጋ ብደውል ሞታ ከሆነ አያነሳም፤ ቢያነሳም ይዋሸኛል። ደህና ነች ቢለኝ አላምነውም። እኔም ብሆን በእሱ ቦታ እዋሽ ነበር።

ንዴቱ የመጣው ያኔ ነው። ከለቅሶው በፊት ንዴቱ ቀደመኝ። ኃላፊው ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ፤ እትዬ ከኋላዬ፣ ጸሐፊዋ ከእትዬ ኋላ፣ የፋይናንሱም ሰው ከተደበቀበት ወጥቶ ተከተለን።

«ማን አለ?» አልኳቸው።

«ተረጋጊ እስኪ፣ ተቀመጪ…»

«ማን አለ? ከየት ሰማ? ራሱ አየ ወይ?»

የአሰልጣኙ ቃል ራሱ ከአፌ ወጣ። ኃላፊው ተሳቀቁ። «እንዲህ ያለ ነገር እኮ በጥያቄ አይሆንም። ነውር ነው» አሉኝ።

«አንድ ሰው ደውሎ አላጣራም?»

«እንዴት ተብሎ ይደወላል? ለቅሶ ቤት ተደውሎ ‹እውነት ሞተዋል ወይ?› ይባላል?»

እውነታቸውን ነው። እኔም አልደውልም። በማዳበሪያ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በየወረዳው ደውለው ሰውን ያስጨንቁ ነበር። በሞት ጊዜ ግን ማጣራት ራሱ እንደ መግደል ነው የሚቆጠረው፤ የሰማ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ይሄኔ ኃላፊው ግራ ገብቷቸው ስልካቸውን አወጡና ሰጡኝ። መልእክቱ የመጣው ደካ ካለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባልደረባ ነው። ኃላፊው ደግሞ እኔ የሌለሁበት አዲስ ግሩፕ አስከፍተው አስተላልፈውታል። እንዲህ ይላል፤

«እናንተ ጋ ያለችው የደካ ልጅ እናቷ አርፋለች። ነገ አምጡልን። እስክትረዳ ድረስ በጥንቃቄ ያዙልን።»

ከሥሩ የመጀመሪያዋ መላሽ እትዬ ናቸው። «ውይ የኔ ልጅ! እኔ አለሁላት» ብለው ጽፈዋል።

«ስሜ የታለ?» አልኩ።

«ስም ምን ያደርጋል?» አለ የፋይናንሱ ሰው በቀስታ። «ሌላ የደካ ልጅ ማን አለን?»

ሁሉም እኔን አየ። እትዬ ከጀርባዬ ወገቤን አቅፈው ያዙኝ፤ እንዳልወድቅ መሆኑ ነው። እኔ ግን መልእክቱን እንደገና አነበብኩ፤ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፣ ምን እንደሆነ ግን መያዝ አልቻልኩም።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል።

ጸሐፊዋ «በኢየሱስ ስም» አለች። ማንሳት ፈራሁ። በእናቴ ስልክ እህቴ ልትሆን ትችላለቻ! የፋይናንሱ ሰው ነው፣ «ላውድ አድርጊው፣ ሁላችንም አለን» ያለኝ። አደረግሁት።

«ምነው ምነው! ስልኬን ብከፍት ያንቺ ጥሪ ብቻ! ምን ሆነሻል፣ አሞሻል እንዴ?»

እናቴ ናት። ራሷ። በካፊኖኖ፣ በዚያ ስልኩን ስለማታምነው በምትጮኸው ጩኸቷ! እንደ እሷ አምርሮ የሚቆጣኝ ሌላ ማን አለ? ኃላፊያችን ካፊኖኖ አይሰሙም፤ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ አሉና «ተመስገን» አሉ። እኔ «እማዬ፣ እማዬ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

እትዬ ወገቤን ለቀቁኝ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «እልልልልል!» ብለው አቀለጡት። በዚያ ዕድሜያቸው የኃላፊውን ቢሮ ዞሩት፤ ነጠላቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። ጸሐፊዋ ተቀበለቻቸው። የፋይናንሱ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ያለቅሳልም። በዚህ መሃል እናቴ አንድ ነገር ትላለች፤ ከእልልታው የተነሳ መስማት አቃተኝ። ላውዱን አጥፍቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ምንድነው እልልታው? ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም እማዬ። ደካ ማን ሞተ?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እናቴ በስልክ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ማን ነገረሽ? እትዬሽ አጠገብሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ፊትሽን አትለውጪ። እናታቸው ናቸው። ደህና አምሽተው ተኙ፤ ጠዋት አልተነሱም። እኔም እህትሽም እዚሁ ለቅሶ ቤት ነን፤ ስልክ ዘግተን የዋልነው ለዚህ ነው። ነገ ከመሥሪያ ቤት ያመጧቸዋል ተብሏል። አደራሽን፣ እዚያ እንዳይሰሙ።»

የቆረቆረኝ ነገር ያኔ ተፈታ። በእኛ አገር ሽበት ያወጣውም ሰው የአገሩ ልጅ ነው፤ ሰባ ዓመት ቢሞላው የደካ ልጅ ነው የሚባለው። «ያለችው» ማለቱም ከንቀት አይደለም። የእኛ የደካ አማርኛ አንቱን ከአንቺ አይለይም፤ ሰውየው ስለ ገዛ አያቱም ቢጽፍ «መጣች፣ ሄደች» ነው የሚለው። ቦንጋ ያለ ሰው ግን ልጅ ሲባል ልጅ፣ አንቺ ሲባል ትንሽ ብሎ ወደ እኔ አመጣው። ታዲያ እትዬስ? ደካ የተወለዱት እትዬ እንዴት አልታያቸውም? እንዴትስ ይታያቸዋል! የራሱን መርዶ በስልኩ የሚያነብ ማን አለ?

ስልኩን ዘጋሁት። እትዬ ነጠላቸውን ከመሬት አንስተው በጫፉ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ፊታቸው ያበራል። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ለእኔ ነው ደስ ያላቸው።

«እናትሽን በዕድሜ ያቆይልሽ» አሉኝ። «እንደው ማንን ነው የገደሉብን እነዚህ? ማን ኖሯል የሞተው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጠዋት ሙሉ ጠይቁ፣ አጣሩ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የሰበክሁት እኔ ነኝ። እነሆ ጠየቁኝ። እውነቱ ደግሞ በጆሮዬ ገና ትኩስ ነው።

«አልሰማኋትም። ኔትወርኩ ተቋረጠ» አልኩ።

ከዚህ ቢሮ ከመውጣታቸው በፊት ከደካ አንድ አላዋቂ ቢደውልላቸውስ? ከዘመድ አንዱ አፉ ቢያመልጠውስ? ብቻቸውን ዶሴ መሃል ተቀምጠው ቢሰሙትስ? ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም፤ የማውቀው ያንኑ እሳቸው ያስተማሩኝን ነው።

«እትዬ» አልኩ። «ስልክዎን ያውሱኝ፤ የእኔ ባትሪው አልቋል።»

«ውሰጂ የኔ ልጅ» ብለው ፈገግ እንዳሉ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። ስልኩን አወጡት፤ ዘረጉልኝ። ዓይናቸው እኔ እጅ ላይ ወዳለው ስልክ ሄደ። ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ከጥሪዎቹ ዝርዝር አናት ላይ «እማዬ» የሚለው ይታያል። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩ። እናቴ አትለውጪ ያለችኝን ፊቴን።

የተዘረጋው እጃቸው መሃል መንገድ ላይ ቆመ። በዚህ ቤት ስንቱን ሰው በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ስልኩን ተቀብለውታል። ደግሜ እንድለው አልጠበቁም። ስልካቸውን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በሁለት እጃቸው አጠፉልኝ። እጃቸው ይቀዘቅዝ ነበር።

«ነገ ጠዋት መስኩ አልቀረም፣ አይደል?» አሉኝ በካፊኖኖ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አልቀረም እትዬ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከኋላችን የፋይናንሱ ሰው ገና ይስቅ ነበር።